«በ18 በመቶ ይጨምራል» ሲባል ከስንት ላይ? የሳይንስና የፖለቲካ ዜና ቁጥሮችን ስለማንበብ

አጣሪ

የጤና ወይም የሳይንስ ዜና በወጣ ቁጥር አስተያየት ሰጪው ወዲያው ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ «አለቀልን» ይላል፤ ሌላው «ሳይንቲስቶቹ ትናንት ያሉትን ዛሬ ይገለብጣሉ» ብሎ ያጣጥላል። የሚከራከሩት ግን ርዕሱ ላይ በሰፈረች አንዲት ቁጥር ነው፤ ያቺ ቁጥር ደግሞ መነሻዋ ካልተገለጸ ምንም አትነግረንም። አቋሜ ግልጽ ነው፦ «በዚህን ያህል በመቶ ጨመረ» ብሎ ከስንት ላይ እንደጨመረ የማይናገር ዜና ጎደሎ ዜና ነው። አንባቢም መነሻውን ሳይፈልግ ቁጥሩን ማጋራት የለበትም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪነታቸው በተረጋገጠ ነገሮች ዝርዝር፣ በ1ኛው ምድብ አስገባው። በየቀኑ 50 ግራም የሚበላ ሰው በትልቁ አንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ይጨምራል ተባለ። ብዙ ሰው የተረዳው «ከመቶ ሰው 18ቱ ይታመማል» ብሎ ነው። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በዕድሜ ዘመኑ በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 5 በመቶ ነው ብለን እንነሳ። የ5 አሥራ ስምንት በመቶው 0.9 ነው። ስለዚህ 5 የነበረው ወደ 6 ይጠጋል። ከመቶ ሰው አምስት ይታመም የነበረው ስድስት ሆነ ማለት ነው። ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ግን ርዕሱ ካስተላለፈው መልእክት ጋር አይገናኝም።

ሁለተኛው ስህተት ምድቡን ማንበብ ላይ ነው። ሲጋራም እዚያው 1ኛ ምድብ ውስጥ ስላለ ሥጋውን ከሲጋራ እኩል ያደረጉ ርዕሶች ወጡ። ምድቡ የሚለካው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ነው፤ ጉዳቱ ምን ያህል እንደከፋ አይለካም። ሁለት ነገሮች ጎጂ መሆናቸው እኩል የተረጋገጠ ሊሆን ይችላል፤ የሚገድሉት ሰው ብዛት ግን የትየለሌ ይለያያል።

በጁላይ 2023 አስፓርቴም የተባለው ማጣፈጫ «ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ ሲገባም ያው ነገር ተደገመ። አብሮ የወጣውን የሌላውን የባለሙያዎች ኮሚቴ ውሳኔ ግን ያነበበ ጥቂት ነው። ያ ኮሚቴ የቀኑን ጣሪያ አልነካውም፤ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 2,800 ሚሊ ግራም ይመጣል። አንድ ጣሳ መጠጥ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ከያዘ፣ ጣሪያውን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት ያስፈልጋል። ርዕሱን ብቻ ያየ ሰውና ይህን ስሌት ያየ ሰው ስለ አንድ ዜና የሚያወሩ አይመስሉም።

ጥያቄ_አለኝ

ጥሩ ነጥብ ነው፤ ግን አንድ ነገር አስረዱኝ። ዜናው መነሻውን ካልጻፈው እኔ ተራው አንባቢ ከየት ነው የማመጣው? ጥናቱን ከፍቼ ባየው እንኳ ሃያ ገጽ ነው፤ ምኑን ልይ?

የላብ_ሰው

ሃያውን ገጽ ማንበብ አያስፈልግም። መጀመሪያ ዜናው ጥናቱ የታተመበትን መጽሔት ስም ወይም አገናኝ ሰጥቷል ወይ? ካልሰጠ እዚያው ተወው። ከሰጠ የጥናቱን ርዕስ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች የሚፈለጉበት ነጻ ድረ ገጽ) ላይ ፈልገው። አጭር መግለጫውን ስታነብ የምትፈልገው የተጠናው ማን ላይ እንደሆነ ነው፤ ሰው ነው፣ አይጥ ነው፣ ወይስ በብርጭቆ ሳህን ላይ ያደገ ሴል? በአይጥ ተሞክሮ ሰው ላይ ሳይደርስ የሚቀረው እጅግ ብዙ ነው፤ ሰው ላይ ሙከራ ከጀመሩት መድኃኒቶች እንኳ ለፈቃድ የሚበቃው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። ዜናው «መድኃኒት ተገኘ» ብሎ ጥናቱ ስለ አይጥ ካወራ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሰው ላይ ከተሠራ በቀጥታ ወደ ውጤት ሰንጠረዡ ሂድ። እዚያ ሁለት ዓምድ ታገኛለህ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት እና ማነጻጸሪያው ቡድን። በየዓምዱ ስንት ሰው እንደነበረና ስንቱ ላይ ነገሩ እንደደረሰ ይጻፋል። ሁለቱን ለየብቻ አካፍላቸው፣ ከዚያ ቀንስ። ማነጻጸሪያው ቡድን ውስጥ ከ1,000 ሰው 40 ታሞ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 1,000 ውስጥ 30 ከታመመ፣ ዜናው «በ25 በመቶ ቀነሰ» ይላል። እውነት ነው፤ ጥሬው ልዩነት ግን 1 በመቶ ነው። 1 ለ0.01 ስታካፍል 100 ይመጣል፦ አንድ ሰው እንዳይታመም 100 ሰው መድኃኒቱን መውሰድ አለበት። እኔ ከሁሉም በላይ የምመለከተው ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ነው፤ ጥቅሙን ከጎንዮሽ ጉዳቱ ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ ከእሱ የተሻለ የለም።

ውጤቱ የሚለካው በነጥብ ከሆነ ደግሞ «መለኪያው ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብለህ ጠይቅ። በ2022 መጨረሻ ሌካኔማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት ውጤት ሲወጣ ዜናው ሁሉ «አልዛይመርን በ27 በመቶ ያዘገያል» አለ። ሙከራው 1,795 ተሳታፊ ነበረው፣ የቆየው 18 ወር ነው። ዋናው መለኪያ ከ0 እስከ 18 ነጥብ ይሄዳል፤ ነጥቡ ሲጨምር ሕመሙ ብሷል ማለት ነው። ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) የወሰዱት በአማካይ 1.66 ነጥብ ባሰባቸው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት 1.21። ልዩነቱ 0.45 ነጥብ ነው። 0.45ን ለ1.66 ስታካፍል ያ 27 በመቶ ይወጣል። በሌላ በኩል በኤምአርአይ ምስል የአንጎል እብጠት የታየባቸው መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6 በመቶ፣ ከፕላሴቦዎቹ 1.7 በመቶ ናቸው። የበሽታውን አካሄድ የነካ መድኃኒት መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሳይንሱ በር ከፍቷል ብዬ አምናለሁ። ግን ለታማሚው ቤተሰብ «27 በመቶ» ብሎ ብቻ መንገር ከ18 ነጥብ ውስጥ ግማሽ ነጥብ የማይሞላ ልዩነት መሆኑን መደበቅ ነው።

ናሙና

በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ግን «ጥሬውን ልዩነት ብቻ እዩ» ወደሚለው እንዳናዘነብል እሰጋለሁ። ጥሬው ቁጥርም ያሳስታል፣ እንዲያውም አንዳንዴ የባሰ ያሳስታል።

የኮቪድ ክትባት ሙከራን ተመልከቱ። በኖቬምበር 2020 ፋይዘርና ባዮንቴክ 43 ሺህ ገደማ ተሳታፊ ካለው ሙከራቸው ያወጡት ውጤት ክትባቱን በወሰዱት 8፣ ባልወሰዱት 162 ሰው ታመመ የሚል ነው። 8 ለ162 ሲካፈል 5 በመቶ ስለሆነ የመከላከል አቅሙ 95 በመቶ ተባለ። ከዚያ ሰዎች ጥሬውን አሰሉ፦ ካልተከተቡት ሃያ ሺህ ገደማ ሰዎች የታመመው 162፣ ማለትም ከ1 በመቶ በታች። ስለዚህ «ክትባቱ የሚጠቅመው ከ1 በመቶ በታች ነው» የሚል ጽሑፍ ዓለምን አዳረሰ። ስሌቱ ትክክል፣ ድምዳሜው ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው። ለምን? ጥሬው ልዩነት ሙከራው ስንት ጊዜ እንደቆየና በዚያ ወቅት በሽታው ምን ያህል እንደተዛመተ ይወሰናል። ውጤቱ ሲሰላ ተሳታፊዎቹን የተከታተሏቸው በአማካይ ለሁለት ወር ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ቢቆይ ያልተከተቡት ውስጥ የሚታመመው በብዙ እጥፍ ያድጋል፣ ጥሬው ልዩነትም አብሮ ያድጋል። 95 በመቶ የሚለው አንጻራዊ ቁጥር ግን ከወረርሽኙ ፍጥነት ጋር እንዲያ አይዋዥቅም፤ ለዚህ ነው ለክትባት አንጻራዊው የሚመረጠው።

ሌላም አለ። 1 በመቶ ለአንድ ሰው ትንሽ ነው። 10 ሚሊዮን ሕዝብ ላይ ግን 100 ሺህ ሰው ነው። የጤና ፖሊሲ የሚያወጣ አካል ይህን ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ለግለሰብ ውሳኔ ጥሬው፣ ለሕዝብ ውሳኔ በሕዝቡ ብዛት የተባዛው፣ ክትባትን ከክትባት ለማወዳደር አንጻራዊው። የትኛው ቁጥር እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ጥያቄው ነው።

አጣሪ

ናሙና ያለው የጊዜው ነገር ወሳኝ ነው፤ ጥሬ ቁጥር ሲጠቀስ «በስንት ጊዜ ውስጥ» የሚለው አብሮ መጻፍ አለበት። እኔም የምለው ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነው። «በ18 በመቶ ይጨምራል፤ በዕድሜ ዘመን ከመቶ 5 የነበረው 6 ይሆናል» የሚለው ሁለት መስመር አይሞላም። ቦታ አልበቃኝም የሚል አዘጋጅ የለም፤ ሁለተኛውን ግማሽ የሚቆርጡት አንባቢ ስለማያስደነግጥ ነው።

ህዋ_ተከታታይ

ከጤና ወጣ ላድርጋችሁ፤ በ2025 መጀመሪያ ስለ አስትሮይዱ የተባለውን ስመለከት ሰው ዕድልን የሚያነብበት መንገድ ራሱ ችግር እንዳለበት ታይቶኛል።

2024 ዋይአር4 የተባለው አስትሮይድ ዲሴምበር 27 ቀን 2024 ቺሊ ባለው የአትላስ ቴሌስኮፕ ተገኘ። ዲሴምበር 22 ቀን 2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ በጃንዋሪ መጨረሻ ከ1 በመቶ አለፈ። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ናሳ 3.1 በመቶ አለ። ሳምንት ሳይሞላ 0.004 በመቶ ገባ። ይህን ያየ ሰው ግማሹ «ሲጨምር ደበቁን»፣ ግማሹ «ሲያስፈራሩን ነበር» አለ። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ቁጥሩ መጀመሪያ ወጥቶ ኋላ መውደቁ ከስሌቱ ባሕርይ የሚጠበቅ ነው።

እንዴት እንደሆነ በቀላል ቁጥር ላሳይ። አስትሮይዱ በዚያ ቀን የት ሊገኝ እንደሚችል በትክክል ስለማይታወቅ፣ ስሌቱ የሚሰጠው አንድ ነጥብ ሳይሆን ረጅም መስመር ነው። መስመሩ 1.2 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይርዘም እንበል፤ አስትሮይዱ በየትኛውም ቦታው የመገኘት ዕድሉም እኩል ይሁን። የምድር ወርድ 12,742 ኪሎ ሜትር ነው። ምድር መስመሩ ላይ ካለች ዕድሉ 12,742 ለ1.2 ሚሊዮን፣ ማለትም 1 በመቶ ገደማ። በሚቀጥሉት ሌሊቶች ቴሌስኮፖች ተጨማሪ ምልከታ ያመጣሉ፤ ምህዋሩ ጥርት ይላል፤ መስመሩ ወደ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር ያጥራል። ምድር አሁንም መስመሩ ውስጥ ከሆነች ዕድሉ 3.2 በመቶ ይሆናል። አስትሮይዱ አልተጠጋም፣ አቅጣጫም አልቀየረም፤ ያጠረው የምንጠረጥረው ቦታ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ምልከታ መስመሩ ሲያጥር ምድር ከጫፉ ውጭ ትቀርና ዕድሉ ባንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ይወድቃል። የሚመታን ቢሆን ኖሮ ደግሞ 3 ሲሆን 8፣ 8 ሲሆን 30 እያለ እስከ 100 ይሄድ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ማየት ብቻውን የሁለቱም ታሪክ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

በ2004 የተገኘው አፖፊስም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 2.7 በመቶ ደርሶ ነበር፣ ለኤፕሪል 13 ቀን 2029። ዛሬ እንደማይመታ ታውቋል፤ ከምድር ገጽ 32 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያልፋል፤ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ካሉበት 35,786 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። በዓይን ይታያል። ይህን ሳይንሳዊ ዕድል «የጥፋት ቀን» እያሉ የሚሸጡ ርዕሶች ያናድዱኛል።

ጥያቄ_አለኝ

መስመሩ ሲያጥር ወደ ዜሮ እንደሚወርድ እያወቁ ለምን 1 በመቶ ላይ ለሕዝብ ያወጡታል? ትንሽ አይጠብቁም?

ህዋ_ተከታታይ

ሊወርድ የሚችልበት ዕድል ትልቅ ነው እንጂ እንደሚወርድ አይታወቅም። ዓለም አቀፉ የአስትሮይድ ማስጠንቀቂያ መረብ የተስማማበት ደንብ አለ፦ ወርዱ ከ10 ሜትር በላይ የሆነ አካል የመምታት ዕድሉ ከ1 በመቶ ካለፈ ማሳወቂያ ይወጣል። ዋይአር4 የ60 ሜትር ገደማ ግምት ያለው ስለሆነ ደንቡ በቀጥታ ነካው። ቁጥሩ ሲወጣ የሚጠቀሙት ሌሎች የሥነ ፈለክ ጣቢያዎች ናቸው፤ አካሉ እየራቀና እየደበዘዘ ስለሚሄድ ጥቂት ሳምንት ካለፈ ትልልቅ ቴሌስኮፖችም ያጡታል። ዘግይቶ ማሳወቅ ማለት ለዓመታት 3 በመቶ ላይ ተሰቅሎ መቅረት ማለት ነው። በእኔ እምነት መደበቅ ከማስደንገጥ ይልቅ እምነትን ይገድላል፤ ቶሎ ማውጣታቸው ትክክል ነበር።

ፎቶን

በባለሙያ ሳይገመገሙ ስለሚወጡ የቅድመ ህትመት ጥናቶችም እንነጋገር፤ አሁን ግማሹ የፊዚክስ ዜና ከዚያ ነው የሚመጣው።

በጁላይ 2023 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች አርካይቭ በተባለው የቅድመ ህትመት ድረ ገጽ ላይ ሁለት ጽሑፍ ጫኑ፤ ኤልኬ-99 ብለው የሰየሙት፣ እርሳስ፣ ፎስፌትና መዳብ ያለበት ቁስ በክፍል ሙቀትና በተራ ግፊት ሱፐርኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ብክነት የሚያስተላልፍ) ነው አሉ። ሁለት ማስረጃ አቀረቡ፦ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የመቋቋም አቅሙ) በ104 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በድንገት ይወድቃል፣ ቁሱም በማግኔት ላይ በከፊል ይንሳፈፋል። ቪዲዮውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን የቁሱ አንድ ጫፍ ማግኔቱን እንደነካ ይቀራል። ሱፐርኮንዳክተር ለመባል ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት፤ ሬዚስታንሱ ዜሮ መሆን አለበት (መቀነስ ብቻ አይበቃም)፣ የማግኔት መስኩንም ከውስጡ ማስወጣት አለበት። በአንድ ጫፍ መቆም ተራ ብረት ነክ ማግኔትነትም ያመጣዋል። የሬዚስታንሱ መውደቅ ምንጭም ተገኘ፤ ቁሱ ሲሠራ አብሮ የሚፈጠረው የመዳብ ሰልፋይድ ቆሻሻ ልክ በዚያ ሙቀት አካባቢ የውስጥ አደረጃጀቱን ይለውጣል። ንጹሕ ክሪስታል ሲያሳድጉ ቁሱ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ወር ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሳይንስ ውርደት አድርጎ አየው። እኔ እጅግ የተዋጣለት ማጣሪያ አድርጌ ነው የማየው።

ሌላው ሲግማ ነው፤ አንድ ውጤት በአጋጣሚ ብቻ ለመምጣት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚገልጽ መለኪያ። በኤፕሪል 2025 ኬ2-18ቢ በተባለች 124 የብርሃን ዓመት በራቀች ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ ምድር ላይ በዋናነት ሕያዋን ነገሮች የሚሠሩትን ዳይሜቲል ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ የሚመስል ምልክት ታየ፣ በ3 ሲግማ ተባለ። አንዳንዶች ይህን «ሕይወት የመኖሩ ዕድል 99.7 በመቶ» ብለው ጻፉት። ስህተት ነው። 3 ሲግማ የሚለው ጋዙ ባይኖር ኖሮ የመለኪያ ጫጫታ ብቻውን ይህን የመሰለ ምልክት የሚያመጣው ከሺህ ሦስት ጊዜ ገደማ ነው ማለት ነው። ምልክቱ እውነት ቢሆን ጋዙ ያ ነው ወይ የሚለው ይቀጥላል፤ ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ በሌላ ስሌት ሲያዩት ምልክቱ አልጸናላቸውም። ጋዙ ያ ቢሆን እንኳ ሕያው ነገር ብቻ ነው ወይ የሚሠራው? ጋዙ 67ፒ በተባለው ኮሜት ላይም ተገኝቷል፤ እዚያ ላይ ሕይወት አለ የሚል የለም። ሦስት ደረጃ ነው፣ ዜናው የመጀመሪያውን ወስዶ ሦስተኛው ላይ ወጣ።

ሲግማው ትልቅ ስለሆነም ብቻ አትመኑ። በ2011 ኦፔራ የተባለው ሙከራ ኒውትሪኖ የተባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ ብሎ ከ6 ሲግማ ጋር አወጣ። ምክንያቱ በደንብ ያልጠበቀ የኦፕቲካል ፋይበር ማገናኛ ነበር። ሲግማ የአጋጣሚን ጫጫታ ይለካል፤ የላላ ገመድን አይለካም።

የላብ_ሰው

በዚህ አልስማማም። አርካይቭ ለባለሙያ ነው የተሠራው፤ ባለሙያ ቶሎ ያጣራል። ጤና ላይ ግን በባለሙያ ያልተገመገመ ጽሑፍ ዜና መሆን የለበትም። የፊዚክስ ስህተት ሰው አይገድልም፤ የመድኃኒት ስህተት ይገድላል። ዜና ክፍሎች ግምገማ ያላለፈ የሕክምና ጥናት አንዘግብም የሚል ደንብ ቢኖራቸው ብዙ ጉዳት ይቀር ነበር።

ፎቶን

ግምገማው ያን ያህል ጋሻ ይሆናል ብዬ አላምንም። ሜይ 22 ቀን 2020 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ከ671 ሆስፒታል ስለ 96 ሺህ የኮቪድ ታካሚ ተሰበሰበ በተባለ መረጃ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ሞትን ይጨምራል የሚል ጥናት ወጣ። ግምገማ ያለፈ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መድኃኒት የሚመለከተውን የራሱን ሙከራ ክፍል ለጊዜው አቆመ። የመረጃውን ምንጭ ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ጁን 4 ቀን ጥናቱ ከህትመት ተነሳ። ሁለት ሳምንት አልሞላም። ስህተቱን ያወጡት ገምጋሚዎቹ ሳይሆኑ ከታተመ በኋላ ቁጥሮቹን ያገላበጡ ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው። ገምጋሚ ጽሑፉን ያነባል፤ ጥሬ መረጃውን የሚከፍት ብዙም የለም። ስለዚህ የሚሻለው እገዳ ሳይሆን ዜናው በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጥናቱ ያለበትን ደረጃ መናገሩ ነው፤ ሌላ ቡድን ደግሞት ያውቃል ወይ የሚለውንም ጭምር።

የላብ_ሰው

መረጃው ይከፈት የሚለው ላይ ሙሉ በሙሉ አብሬህ ነኝ። በሕክምና ዜና ላይ ግን አቋሜን አልቀይርም፤ በመጀመሪያው አንቀጽ የተጻፈውን የሚያነበው ጥቂት ነው፣ ርዕሱን የሚያጋራው ግን ሁሉም ነው።

ናሙና

ፖለቲካው ላይ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ሲወጡ ያለው ጩኸት ከዚህ ሁሉ ይብሳል፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

«እጩ ሀ 47፣ እጩ ለ 44፤ ሀ እየመራ ነው» ይባላል። 1,000 ሰው ተጠይቋል። የስህተት ህዳጉን (ውጤቱ ከእውነተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ሊርቅ የሚችልበትን ልክ) በጭንቅላት ማስላት ይቻላል፦ 1ን ለናሙናው ብዛት ስኩዌር ሩት አካፍል። የ1,000 ስኩዌር ሩት 31.6 ነው፤ 1 ለ31.6 ሲካፈል 3.2 ነጥብ። ይህ ለእያንዳንዱ እጩ ለየብቻው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ግን ህዳጉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ 6 ነጥብ ገደማ። ምክንያቱም ከአንዱ በስህተት የተቀነሰ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ለሌላው ይጨመራል። ስለዚህ የ3 ነጥብ ልዩነት ያለው አንድ ጥናት ማን እየመራ እንደሆነ አይነግርህም። በሚቀጥለው ሳምንት 45 ለ46 ቢሆን «ሕዝቡ ሐሳቡን ቀየረ» ብሎ መተንተን ባዶ ወሬ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ከዚያው ጥናት ውስጥ «ወጣቶች ፊታቸውን አዞሩ» የሚል ርዕስ ያወጣል። ከ1,000 ውስጥ ወጣቶቹ 120 ቢሆኑ፣ የ120 ስኩዌር ሩት 11 ገደማ ነው፤ ህዳጉ 9 ነጥብ ነው። በዚህ ህዳግ ማንም የትም ሊዞር ይችላል።

ይህም ቢሆን ንጹሕ የዘፈቀደ ናሙና ሲሆን ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ናሙና ከስም በቀር የለም። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የምርምር ማዕከል በስልክ ጥናት የሚመልሱለት ሰዎች በ1997 ከመቶ 36 ነበሩ፤ በ2018 ከመቶ 6 ሆኑ። የቀሩትን 94 ሰዎች ዝምታ በስሌት ለመተካት ጥናት ሠሪው ለአንዳንዱ መልስ ሰጪ ክብደት ይጨምራል፣ ለሌላው ይቀንሳል፤ በዕድሜ፣ በጾታ፣ በትምህርት ደረጃ። ክብደት መስጠት ነጻ አይደለም። ክብደቱ ናሙናውን የሚያሳንስበት ልክ 1.5 እጥፍ ከሆነ 1,000 ሰው እንደ 667 ሰው ነው የሚቆጠረው፤ ህዳጉ ከ3.2 ወደ 3.9 ይወጣል። ይህን ብዙዎች አያትሙትም። በ2016 የአሜሪካ ምርጫ በግዛት ደረጃ ከተሳሳቱት ጥናቶች ብዙዎቹ በትምህርት ደረጃ ክብደት አልሰጡም ነበር፤ የተማረው ሰው ስልክ አንስቶ የመመለስ ልማድ ስላለው ናሙናው ወደ እሱ አዘንብሎ ቀረ።

ናሙና ስለበዛ ብቻ አትመኑ። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 10 ሚሊዮን ካርድ በትኖ 2.4 ሚሊዮን ገደማ መልስ ሰበሰበ፤ በፕሬዝዳንት ምርጫው የሩዝቬልት ተፎካካሪ የነበረው ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት በ61 በመቶ ገደማ አሸነፈ። አድራሻዎቹ የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ ከዚያም ካርዱን ሞልቶ መመለስ የፈለገው የበለጠ ለውጥ ፈላጊው ነበር። የሂሳብ ህዳጉ ከነጥብ አንድ አሥረኛ በታች፣ ትክክለኛው ስህተት 18 ነጥብ።

አንድ ጥናት ሲያጋጥማችሁ የምትፈልጉት ማን ከፈለበት፣ በየትኞቹ ቀናት ተጠየቀ፣ በስልክ ነው በድረ ገጽ፣ ጥያቄው ቃል በቃል ምን ይላል፣ በምን በምን ክብደት ተሰጠ። ጥያቄውን ሙሉውን የማያትም ድርጅት ውጤቱን ባታነቡለት ምንም አይቀርባችሁም። ከዚያ የአምስት ስድስት ጥናቶችን አማካይ አውጡ። የአማካዩ አካሄድ ከማንኛውም ነጠላ ጥናት ይሻላል፤ ግን ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ካጋደሉ አማካዩም እዚያው ያጋድላል። ለዚህ ነው ልዩነቱ ከ3 ነጥብ በታች ሲሆን «ማን እንደሚያሸንፍ አይታወቅም» ብሎ መጻፍ ድፍረት የሚጠይቀው፣ ትክክለኛው ዜና ግን እሱ ነው።

ፎቶን

በኃይል ዜናም መነሻው ይጠፋል። ዲሴምበር 5 ቀን 2022 አሜሪካ ውስጥ በሌዘር የተደረገው የፊውዥን (አተሞችን አዋህዶ ኃይል የማውጣት) ሙከራ 2.05 ሜጋጁል ገብቶ 3.15 ሜጋጁል ወጣ ሲባል «ከገባው በላይ ወጣ» ተባለ። ዒላማው ላይ ከደረሰው ሌዘር በላይ ወጣ፤ ይህ እውነትም ታሪካዊም ነው። ሌዘሮቹን ለማስነሳት ከኤሌክትሪክ መስመር የተሳበው ግን 300 ሜጋጁል ገደማ ነው። ድንበሩን ዒላማው ላይ ካሰመርከው 1.5 እጥፍ ትርፍ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ካሰመርከው የወጣው ከገባው ከመቶ 1 ገደማ። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ዜና ማግኘት ከባድ ነበር።

አጣሪ

የአየር ንብረትም እንዲሁ ነው። 2024 ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው፣ ማለትም ከ1850 እስከ 1900 ካለው አማካይ፣ በ1.5 ዲግሪ የበለጠ የመጀመሪያው የካሌንደር ዓመት ነው፤ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት 1.55 ብሎታል። አንዱ ወገን «የፓሪስ ስምምነት ተጣሰ» አለ። የስምምነቱ ግብ የሚታየው በሃያ ዓመት ገደማ አማካይ ነው፤ አንድ ዓመት አይበቃም፣ በተለይ ኤል ኒኞ ባሞቀው ጊዜ። ሌላው ወገን ይህንኑ ይዞ «እንግዲያውስ ችግር የለም» አለ። ያም አይሆንም፤ የሃያ ዓመት አማካይ የሚሠራው እንደነዚህ ካሉ ዓመታት ነው፣ አማካዩም የሚታወቀው ከሆነ በኋላ ዓመታት ቆይቶ ነው። አማካዩ እስኪረጋገጥ መጠበቅ የእርምጃውን ጊዜ ማቃጠል ነው።

ጥያቄ_አለኝ

የመጨረሻ ጥያቄ። ሰንጠረዡን እንድመለከት ተነግሮኛል፤ ጥናቱ ግን ገንዘብ ካልተከፈለ አይከፈትም። ያኔስ?

የላብ_ሰው

ብዙ መንገድ አለ። ፐብሜድ ላይ በቀኝ በኩል ነጻ ቅጂ ካለ አገናኙ ይታያል። ከሌለ የጥናቱን ርዕስ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርገህ ፈልግ፤ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው የጫኑት ቅጂ ወይም የቅድመ ህትመቱ ቅጂ ይገኛል። ካልተገኘ በጥናቱ አጭር መግለጫ ሥር ወዳለው የጸሐፊው ኢሜይል ሁለት መስመር ጻፍ፤ አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይልካሉ፣ ይህ የተፈቀደ ነው።

የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ ደግሞ ከጥናቱ የሚበልጥ ምንጭ አለ። ሙከራዎች ከመጀመራቸው በፊት እንደ ClinicalTrials.gov ባለ የሕዝብ መዝገብ ላይ ይመዘገባሉ፤ ቁጥሩ አጭር መግለጫው መጨረሻ ላይ ይጻፋል፣ ኤንሲቲ (NCT) ብሎ ይጀምርና ስምንት አሃዝ ይከተለዋል። ያን ቁጥር መዝገቡ ላይ አስገባ። «ዋና ውጤት» የሚለውን መስመር አንብብ፤ እዚያ ላይ «በ12 ወር ሞት» ተብሎ ተመዝግቦ ዜናው ግን «በ6 ወር የደም ግፊት ቀነሰ» ካለ ዋናው ውጤት አልተሳካላቸውም፣ ሌላ ፈልገው አወጡ ማለት ሊሆን ይችላል። በመዝገቡ ላይ የለውጦች ታሪክ የሚል ክፍልም አለ። ዋናው ውጤት የተቀየረበትን ቀን ሙከራው ካለቀበት ቀን ጋር አስተያይ፤ ካለቀ በኋላ የተቀየረ ከሆነ ጥናቱን በጥርጣሬ አንብበው። ይህን ሁሉ ያለ ክፍያ፣ ያለ መግቢያ ስም ማየት ይቻላል።